እንጨት ያልቆረጠው መጋዝ

ሰፈርተኛው «የጥርስ ሐኪሙ» ይለዋል፤ እሱ ግን የሰው አፍ ከፍቶ አያውቅም። ሥራው የአናጢዎችን የመጋዝ ጥርስ መሞረድ ነው። የራሱ የፊት ጥርሶች ሁለቱ የወለቁ ስለሆነ ስሙ በተጠራ ቁጥር ሳቅ አይጠፋም፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከአንዱ ወርክሾፕ ወደ ሌላው ሲዞር ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ዝገት የበላው መጋዝ ሲያቀብሉት ፊቱን እሬት እንደቀመሰ ሰው ያጨማድዳል።

በዚያ ሁሉ ዙረት ሳይጸየፍ የሚገባበት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የአባ ልክ ቤት። አባ ልክ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው፣ አንዲት መሳቢያ አሥር ጊዜ አስገብተው አሥር ጊዜ ካላወጡ «አለቀ» ስለማይሉ ነው። ሞተር የሚባል ነገር ደጃቸውን አልረገጠም። መላጊያዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ መሮዎቹ በየቀዳዳቸው ቆመው፣ መጋዞቹ በመስኮቱ በኩል ተንጠልጥለው፣ እጀታቸው ከመዳፍ ብዛት እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሶ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶም ቶሎ አይወጣም። በርጩማ ስቦ ሽማግሌው ጣውላ ሲልጉ ያያል። የጥዱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወርድ አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ እዚህ ስገባ እኮ ድምፄን መቀነስ ያምረኛል» አላቸው።

«ቀንስ እንግዲህ፤ ወሬህ በዝቷል» አሉት፣ ዓይናቸውን ከጣውላው ሳያነሱ።

አባ ልክ በሞቱ በዓመቱ ልጃቸው አስጠራው። ልጁ አርባውን ያለፈ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ነጋዴ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ የጥርስ ሐኪሙን «አንቱ» ይለው የነበረ ሰው አሁን «አንተ» አለው።

«የአባባን ቤት ምግብ ቤት አድርጌዋለሁ። ና እስቲ እየው።»

ሄደ። በሩ ላይ የተቀበለው የጠቆረ ዘይት ሽታ ነው። አባ ልክ ዕድሜያቸውን የፈጁበት የሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰዎች ተቀምጠው አጥንት ይግጣሉ። ጣውላ ይነክስ በነበረው ሞርሳ መሐል የሶፍት ክምር ታንቋል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። በከረጢት የተገዛ የቺፑድ ብናኝ ነው፤ ኮላ ኮላ ይላል። አስተናጋጆቹ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው ይሯሯጣሉ። ቀና ሲል መጋዞቹን አያቸው። ሆዳቸው ተበስቶ በብሎን ከግድግዳ ተጣብቀዋል። እንዲያብለጨልጩ ተብሎ ጥርሳቸው ሳይቀር ቫርኒሽ ተቀብቷል። መሮዎቹና መላጊያዎቹም በየጠረጴዛው ላይ ለጌጥ ተቀምጠዋል። አፉን ምራቅ ሞላው፤ የሚተፋበት ቢያጣ ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አለ ልጁ።

«መጋዝ ቫርኒሽ ይቀባል እንዴ?»

«ለዓይን ነዋ! አንተም እዚያ ጥግ ተቀምጠህ ትሞርድልኛለህ። እንግዳው ድምፁን ይወደዋል።»

ቤቱ ሄዶ ለባለቤቱ ነገራት።

«ታዲያ እንቢ በላ!» አለችው።

«እንቢ ብልስ መሮዎቹን ማን ዘይት ይቀባቸዋል? ዝገት ሊበላቸው ነው እኮ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ የቆዳ ሽርጥ አስታጥቀው ጥግ ላይ አስቀመጡት። ቫርኒሽ ያልነካት አንዲት መጋዝ ብቻ ተርፋ ነበር፤ አባ ልክ ለመሳቢያ ሥራ የሚይዟት ቀጭኗ። እሷን ከጠዋት እስከ ማታ ይሞርዳል። አንዷ ስልኳን አፍንጫው ላይ ደቅና ትቀርጸዋለች። አንዱ ጠግቦ ሲነሳ ትንሿን መሮ አንስቶ ጥርሱን ጎረጎረባት፤ «የጥርስ ሐኪም አይደለህ? አንተ ጋ መጣሁ» ብሎም ሳቀ። ጓደኞቹም ሳቁ። በሰባተኛው ቀን ከትልቁ መላጊያ አፍ ውስጥ የታኘከ ማስቲካ አገኘ። በጥፍሩ ፈልቅቆ ሲያወጣው ገና እርጥብ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

የባሰው ግን ከራሱ እጅ መጣ። በዘጠነኛው ቀን መጋዟን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ልብ ብሎ ቢያያት ወርዷ ጠብቧል። መጋዝ ይሳላል፣ ይቆርጣል፣ ሲደንዝ ተመልሶ ይሳላል። ይቺ ግን አንድ ጣውላ ሳትነካ ስትሞረድ ብቻ ሰንብታ፣ ግማሽ ጣት ያህል ተበልታለች። የብረቷ ዱቄት ሽርጡ ላይ ተከምሯል። ሠላሳ ዓመት የኮራበትን እጁን ተጸየፈው። ሦስቴ በሳሙና ታጠበ፤ አልለቀቀውም። ልጁን ሄዶ አስቆመው።

«አባትህ ሃያ ዓመት ሠርተውባት ያላለቀችውን እኔ በዘጠኝ ቀን በላኋት።»

«ምን ችግር አለው? ግድግዳው ሙሉ መጋዝ አይደል እንዴ!»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንተ ግን አጥሩን ነቅለህ ሥጋ እየጠበስክበት ነው።»

«ቀስ በል፣ እንግዳ አለ!» አለ ልጁ ዙሪያውን እያየ።

«ይቺን ስጠኝና ልሂድልህ።»

«ውሰዳት። ቁርጥራጭ ብረት።»

ሽርጡን ፈትቶ የሚያስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ ፈለገ፤ ቢያጣ መሬት ላይ ጣለው።

ቤቱ ሲደርስ የመጋዟን ጥርሶች ሁሉ ሞርዶ ሜዳ አደረጋቸው። ከዚያ አንድ በአንድ አዲስ አወጣላት፤ አምስት ቀን ፈጀበት። ከደንበኞቹ መካከል ጓሮዋ ውስጥ በእጇ መስኮት የምትሠራ ሴት አለች፤ ወስዶ ሰጣት። ሴትዮዋ አንድ ሁለቴ ጣውላ ላይ ስባት፣

«ኧረ ጋሼ፣ እንደ ቅቤ ነው የምትቆርጠው! ምነው ፊትዎን አጨማደዱ?» አለችው።

«በእሷ አይደለም፤ ቅቤ ስትዪ የጠቆረ ዘይት ትዝ ብሎኝ ነው» አላት። «አንቺ ሥሪባት። ግድግዳ ላይ ግን እንዳትሰቅያት።»

ምግብ ቤቱ ዛሬም ሰው ጢም ብሎበታል። ጥጉ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል አሉ፤ መሞረድ አያውቅም፣ ብረት በብረት እያሸ ድምፅ ያሰማል። የጥርስ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አልገረመውም። ጉልበቱን እያመመውም፣ በምግብ ቤቱ ደጅ ላለማለፍ በታችኛው መንገድ ዞሮ ይሄዳል። ባለቤቱ «በአቋራጩ ብትሄድ ምናለበት?» ስትለው፣

«ዘይቱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሸታል» ይላታል።