ያልነበረው የገብርኤል ማኅበር

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ሥራ ባጣሁ በሦስተኛው ወር ነው። ለማንም በደንብ ተናግሬው አላውቅም። የማልረሳው ስለፈራሁ አይደለም፤ ፈርቼ ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ስላልተስተካከለ ነው።

ሥራዬ ትርጉም ነበር። ደምበል አካባቢ ባለ ቢሮ፣ በውጭ እርዳታ በሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባሕር ማዶ "መጀመሪያ እኛ" የሚሉ ሰዎች ሥልጣን ያዙና እርዳታው ቆመ። ሰኞ ጠዋት ኢሜይል ደረሰን፣ ዓርብ ዕቃችንን በካርቶን ይዘን ወጣን። ከዚያ በፊት ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት አብሮ ሄዷል። ቡልጋሪያ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አግኝቼ ገብቼ ነበር። ኪራይዋ ከአቅሜ በላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ግን ከዚያም ይብሳል። ከዚያች ክፍል ከወጣሁ መግቢያ አልነበረኝም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ግራ ዘመም ነኝ። ዘመኑ ያለፈበት ነው ብለው የሚስቁብኝ ሞልተዋል፣ ይሳቁ። ካዛንቺስ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን እናነባለን። ስለ ድሃ አገሮች ዕዳ፣ ስለ ኢምፔሪያሊዝም፣ በየአገሩ እያቆጠቆጠ ስላለው ቀኝ አክራሪነት፣ እኛው ጋ ደግሞ የአባትህን ስም ሰምቶ ጠላት መሆንህን ስለሚወስነው ፖለቲካ። እኔ በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ተርጉሜ አባዛለሁ። መሣሪያ የለን፣ ፓርቲ የለን፤ ሻይና ጭቅጭቅ ብቻ። የምንገናኝበት ሻይ ቤት ከካዛንቺስ ጋር ስለፈረሰ ግን ወደ እኔ ክፍል መጣን።

"እርዳታ ማር የተቀባ ገመድ ነው" የምለው እኔ ነበርኩ። ሥራ ያጣሁ ሰሞን ፉአድ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ፣ "ይኸው ገመዱ ተበጠሰልሽ፣ ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ። እዚያው ሳቅሁ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ትክክል መሆን ኪራይ አይከፍልም።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወሬ የማይወዱ ሴት ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ሲጀምሩ ደነገጥሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ማግስት፣ ቧንቧው ጋ ስታጠብ፣ "ትናንት የመጡት ስንት ናቸው?" አሉኝ።

"ከእኔ ጋር ሰባት፣ እትዬ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ነው የመጡት?"

"አዎ።"

"ስንት ሰዓት ወጡ?"

እንዲህ አድርጎ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ያደግንበት አገር አስተምሮናል። በዚያ ላይ ያን ሰሞን አንድ ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ሰው መታየቱ ብቻ ያስጠይቃል እየተባለ ይወራል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ለመፍራት ግን ወሬ ይበቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ "ለመሆኑ ተሰብስባችሁ የምታደርጉት ምንድን ነው?" አሉኝ።

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። "ማኅበር ነው። የገብርኤል።"

"ገብርኤል አሥራ ዘጠኝ አይደል እንዴ? ትናንት ስንት ነበር?"

ስንት እንደነበር አላውቅም ነበር። ስለ ዓለም ባንክ ሦስት ሰዓት መናገር የምችል ሴት የወሩን ቀን አላውቅም! "ማለቴ… ለዝግጅት ነው" አልኩ።

"ያ ፉአድ የምትሉትስ? እሱም የገብርኤል ማኅበርተኛ ነው?"

የፈጣሪ ያለህ። ስሙን ከየት ሰሙት? "ቁልቢ… ስለት ነበረበት፣ እትዬ" ብዬ ሹልክ አልኩ።

ማታ ለፉአድ ደውዬ ስነግረው ሳቁን ለቀቀው። "ስለቴ ምን ነበር አልሻት? መንጃ ፈቃድ?" አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን መከታተል ጀመርኩ። መቼ እንደሚወጡ፣ ከማን ጋር እንደሚቆሙ እቆጥራለሁ። ቅዳሜ ስንሰበሰብ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ በር አድርገው ይቀመጣሉ። ገቢና ወጪውን ይቆጥራሉ አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ካባዛሁት ወረቀት አንዱ ገጽ ግቢው ውስጥ ወድቆ ኖሮ፣ ጎንበስ ብለው ሲያነሱት በመስኮት አየሁ። አነበቡት። ረጅም ጊዜ ቆመው አነበቡት። ከዚያ አራት ቦታ አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

በቃ አልኩ። ማስረጃ ተያዘብን።

ያኔ ወረቀቱን እንዲመልሱልኝ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ይልቅ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ገብቼ፣ ባለ ሱቁን ሳህሌን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ከእትዬ ጥሩነሽ ፊት ብዙ አታውራ፣ ጆሮ ጠቢ ናቸው" አልኩት። ምን ፈልጌ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ቢይዙን ማን እንዳስያዘን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ንዴት ብቻ ነው። ሳህሌ ዓይኑን አፍጥጦ፣ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለኝ። ውሸቱን ነው፣ አልጠረጠረም። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ እሳቸው ሱቁ ሲገቡ ዳቦ የሚገዙት ሴቶች ፀጥ ሲሉ በዓይኔ አየሁ። ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

ሰዎቹ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ወንዶች ናቸው፣ አንደኛው ፋይል ይዟል። ሥራ ፈት ስለሆንኩ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። "ለሰፈሩ ጸጥታ ጉዳይ ነው" ሲሉ ሰማሁና በሬን ገርበብ አድርጌ ከኋላው ቆምኩ።

"እዚህ ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች ይሰበሰባሉ ይባላል" አለ ፋይል የያዘው።

"አዎ፣ ይሰበሰባሉ" አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

አስያዙን አልኩ በልቤ።

"ስንት ናቸው?"

"ሰባት ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ፣ ሳይመሽ ይወጣሉ።"

የነገርኳቸውን አንድ በአንድ ዘረገፉት። ክፍሉን ዞሬ አየሁ፤ ፍራሼን፣ ካርቶኖቼን፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት። ወረቀቱን የት ልደብቀው? ሌሊቱን የት ነው የማድረው? የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

"ምንድን ነው የሚያደርጉት?"

"ማኅበር ነው። የገብርኤል ማኅበር።"

"በየሳምንቱ?"

"ድርሳን ያነባሉ። አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። በወር አንዴ ብቻ ይጸልዩ የሚል ሕግ ወጣ እንዴ?"

"ፉአድ የሚባልም አለ ተብለናል።"

"ቁልቢ ስለቱ የሰመረለት ልጅ ነው። ቁልቢ ስንት እስላም እንደሚሄድ አታውቁም? የአገራችሁን ነገር አታውቁም?"

ሁለተኛው ሰውዬ፣ "እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አላቸው።

"ገብርኤል ምስክሬ ነው" አሉ።

የእኔን ቀዳዳ ውሸት ጠቅመው፣ ተኩሰው፣ አልብሰው አቀረቡት። ሰዎቹ ጥቂት ማስታወሻ ይዘው ሄዱ።

ስወጣ እትዬ ጥሩነሽ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተቆጡ።

"ውሸት እንኳን አትችሉም! ገብርኤል መቼ እንደሆነ የማያውቅ የገብርኤል ማኅበር! ቢያንስ ጊዮርጊስን ብትይ ቀኑን ትስቺው ነበር?"

"እሱንም እስት ነበር" አልኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

ነጠላቸውን ፈትተው ያችን ገጽ ሰጡኝ። ኢምፔሪያሊዝም የሚለው ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ይህን ቃል ወንድሜ ነበር የሚለው። እኔ ትርጉሙ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ አልተጠራም።"

ከዚያ ነገሩኝ። ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ወንድማቸው ተማሪ ነው፣ ጓደኞቹ እየመጡ ጓዳ ውስጥ ያነባሉ። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች እትዬን የግቢው በር ላይ ጠሯቸው። አልተቆጧቸውም፤ ከረሜላ ሰጧቸው። ወንድምሽ ጋ እነማን ይመጣሉ? አሏቸው። ልጅቷ የሁሉንም ስም ታውቃለች፣ ማወቋም ያኮራታል። አምስቱን ስም በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻቸው።

"ጎበዝ ልጅ ነሽ አሉኝ" አሉ እትዬ ጥሩነሽ። "በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ስድስቱንም ወሰዷቸው። አንድም አልተመለሰም። እናቴ ማን እንደነገረ ሳታውቅ ሞተች። አልነገርኳትም።"

ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ስንት ናችሁ፣ መቼ ትመጣላችሁ ያልኩሽ ለዚህ ነው። መጥተው ሲጠይቁኝ የምለው ሊኖረኝ ይገባል። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይዋሻል? ቅዳሜም በረንዳው ላይ የምቀመጠው ሰው ቢመጣ ከናንተ በፊት እንዲያገኘኝ ነው።"

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ተነሡ። "አሁን እኔ ገብርኤልን በሐሰት ጠርቻለሁ። ይህን ይዤ አልሞትም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ማኅበሩን ታደርጋላችሁ። ያ ፉአድም እንዳይቀር።"

በሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ ሰባታችንም መጣን። ሦስታችን እግዚአብሔር የለም ባዮች ነን፣ አንዱ እስላም ነው፣ የቀሩት ደግሞ ለፋሲካ ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ። እትዬ ጥሩነሽ ዳቦ ደፍተዋል፤ ፉአድ ለስላሳ ተሸክሞ መጥቷል። ድርሳኑን ራሳቸው አነበቡ። ከዚያ እኔን እያዩ፣ "ማኅበርተኛ የሆኑ፣ ያረፉ ሰዎች አሉ" አሉ። ስድስት ስም ጠሩ፤ በየመሐሉ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። "ነፍስ ይማር" አልን፣ ፉአድም ጭምር። ከዚያ ወዲያ እስኪጨልም ማንም ስለ ፖለቲካ አላነሳም።

ሰዎቹን ማን እንደላከብን አሁንም አናውቅም። የፉአድን ስም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ስንገናኝ እርስ በርስ እንተያያለን፤ አንዱ ስልኩን ሲያወጣ ሌላው ያያል። ይህም በሽታ ነው፣ አልዳንንም።

እኔን የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ከማኅበሩ ማግስት ሳህሌ ሱቅ ሄጄ፣ "ያን ቀን ስለ እትዬ ጥሩነሽ የነገርኩህ ስሕተት ነው፣ ተሳስቼ ነው" አልኩት። ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አይዞሽ ራሔል፣ ገብቶኛል። እንዲህ በይ ብላሽ ነው አይደል?" አለኝ።

"ኧረ አይደለም! እውነቴን ነው።"

"እሺ፣ እሺ። እኔ ምንም አልሰማሁም።"

በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ተረዳኝ። ዳቦ የሚገዙትን ሴቶችም አንድ በአንድ አናገርኳቸው፤ እነሱም እንደ እሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑልኝ። ከዚያ ወዲህማ እኔንም ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ጥሩነሽ ከሱቅ ተመልሰው፣ ፌስታላቸውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ "ሳህሌ ጋ ስገባ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ምን አድርጌያቸው ነው?" አሉኝ።

ንገሪያቸው አልኩ ለራሴ። አሁን ንገሪያቸው።

"ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ እትዬ" አልኳቸው። በዚህኛው ጊዜ አልተንተባተብኩም። አመኑኝ።

እንደ እሳቸው ዘጠኝ ዓመቴ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ከረሜላ የሰጠኝም ሰው የለም። ይህን የጻፍኩት ስማቸውን ለማጥራት ነበር። ስጨርስ ግን ለደኅንነታቸው ብዬ ስሞቹንም ሰፈሩንም ቀየርኩ፤ ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ቢያነበውም ስለ እሳቸው መሆኑን አያውቅም።