ካርድ ያልወጣላት ነፍሰ ጡር

በጤና ጣቢያው ሁለት ኃላፊዎች ነበሩ። አንደኛው ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፤ ታካሚ አያውቀውም። ሁለተኛዋ ኮሪደሩን የምትወለውለው የፅዳት ሠራተኛ ናት፤ ሁሉም «ኃላፊዋ» ይላታል። ካርድ የት እንደሚወጣ፣ ሽንት የት እንደሚሰጥ፣ የትኛዋ ሲስተር ቁጡ እንደሆነች የምትነግረው እሷ ናትና።

ለነፍሰ ጡሮች የተለየ ምክር ነበራት።

«የኤችአይቪውን ምርመራ እንዳታልፊው እህቴ። ቢኖርብሽ እንኳ መድኃኒት ከጀመርሽ ልጅሽ ይተርፋል። ምን ያስፈራል?» ትላለች፣ መወልወያዋን ተደግፋ። ለአፍ ዳገት የለውም።

በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ፣ እሷም አረገዘች። ጤና ጣቢያው በደስታ ተናጠ። አዋላጇ ሲስተር በሻይ ሰዓት ሆዷን ትዳብስላታለች፤ ፋርማሲስቱ የደም ማነስ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሷ ይከትላታል። ካርድ ግን ማንም አላወጣላትም፤ የቤት ልጅ ካርድ ምን ያደርግላታል? ሲስተር፣ ላቦራቶሪው መርምሯታል ብላለች። የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ ሲስተር ጨርሳዋለች ብሏል። ኃላፊዋም አልጠየቀች፤ ውጤቱን የሚያዩት አብረዋት ምሳ የሚበሉት ሰዎች ናቸው።

አምስተኛ ወሯ ላይ አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር አልመረመርም ብላ ከወረፋ ወጣች። ኃላፊዋ እጇን ይዛ ምክሯን ስትጀምር ልጅቷ አቋረጠቻት።

«እርስዎስ እትዬ፣ ተመርምረዋል?»

ወረፋው በሙሉ ወደ ሆዷ ዞረ።

«እ... እሱማ ድሮ!»

«ውጤቱስ?»

መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ ነከረች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች አንዷ፤ ወረፋው ሳቀ።

በማግስቱ አሞኛል ብላ ፈቃድ ወሰደች። ከጤና ጣቢያ የቀረችው ጤና ጣቢያ ለመሄድ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ማንም ከማያውቃት ቦታ ደረሰች፤ ካርድ መስጫው ጠፍቷት ኮሪደር የምትወለውል ሴት ጠየቀች፤ እንደማንም ወረፋ ያዘች። ቫይረሱ ተገኘባት።

አናጺው ባሏን እንጨት ሲልግ አገኘችው፤ ሳትቀመጥ ነገረችው።

«መድኃኒት አለው ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ለሰው ነበራ!» አለችና አለቀሰች።

መላጊያውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ሰው ነሽ። ነገ እኔም እመረመራለሁ።» ተመረመረ፤ እሱ ነፃ ነበር።

ኃላፊዋ መድኃኒቱን በጀመረች በሳምንቱ ከሌላው ጤና ጣቢያ ያወጣችውን ካርድ አምጥታ ሲስተር ፊት አኖረችው። ሲስተር ስታነበው ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ እኮ የመሰለኝ...»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር። እኔም እኮ ዝም አልኩ።»

ምስጢሩ ከክፍሉ አልወጣም፤ ሲስተር ለፎቁ ኃላፊ የነገረችው ሠራተኞች ያለ ካርድ እንደሚታዩ ብቻ ነው። የፎቁ ኃላፊ ስብሰባ ጠርቶ «ከእንግዲህ ሠራተኛም ቢሆን ያለ ካርድ አይታይም» አለና፣ ይህን ቀድሞ ስላሰበበት ራሱን አመሰገነ። ኃላፊዋም አጨበጨበች፤ ሲበተኑ አዳራሹን ጠረገች።

መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታዛንፍ ወስዳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ለሕፃኗም የታዘዘውን ሽሮፕ ሰጠች። ልጅቷ ዓመት ከስድስት ወር ሲሞላት የመጨረሻው ምርመራ እዚያው እናቷ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ተደረገላት። የላቦራቶሪው ባለሙያ ራሱ ወልውላ ወደጨረሰችው ኮሪደር ወጥቶ ጠጋ አላትና በሹክሹክታ «ነፃ ናት» አላት።

ባዶ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበት፤ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቀና ስትል ሰውዬው አሁንም እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ቆሟል።

«ምነው ወንድሜ፣ አሁን የወለወልኩትን!» አለችው።