የእማማ ሃሎ የመኪና ቦታ

ጎረቤቶቻቸው እማማ ሃሎ ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በር ሲንኳኳ «ማነው?» በማለት ፈንታ «ሃሎ!» ማለቱ እስከ ዛሬ አልለቃቸውም።

ባለቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት ሲገዙ፣ ከምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ሃያ ሰባት ቁጥር አብሮ ደርሷቸው ነበር። «መኪናው እስኪመጣ ቦታው ንጹሕ ሆኖ ይቆየን» እያሉ በየሳምንቱ መጥረጊያ ይዘው ይወርዱ ነበር። መኪናው ሳይመጣ ባለቤትየው አረፉ። ልጅ አልነበራቸውምና ከዚያ ወዲህ የእማማን በር የሚያንኳኳ የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሆነ።

ኋላ ግን በሕንፃው ውስጥ መኪና በዛ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ባለታክሲ ቦታ ሲያጣ እዚያው ምድር ቤት ባሉት የነዋሪዎች ዕቃ ቤቶች በር ላይ ያቆማል፤ ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ፋርማሲስት ደግሞ ዕቃዋን ማውጣት ተስኗት ትጮኻለች። እሷም ብትሆን ለመኪናዋ ቦታ የላትም። ሁለቱም ዓይናቸውን ሃያ ሰባት ቁጥር ላይ ጣሉ።

የእማማ በር ያን ጊዜ ነፍስ ዘራ። ባለታክሲው ጋዙን ተሸክሞ ያወጣላቸዋል። ፋርማሲስቷ የጉልበት ቅባት ይዛ ትመጣለች።

«ጉልበትዎ እንዴት ዋለ፣ እማማ?»

«ደኅና ነው ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«የቦታውን ነገርስ አሰቡበት?»

«እያሰብኩበት ነው።»

ማሰቡ አምስት ወር ፈጀ። ለምን እንደሚፈጅ እማማ ልባቸው ያውቀው ነበር፤ አፍ አውጥተው ግን ለራሳቸው እንኳ አልተናገሩትም።

አንድ ቀን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀት ይዞ ከተፍ አለ።

«እማማ፣ ትናንት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሊደባደቡ ሲሉ መኻል ገባሁ። የተቀደደው የኔ ሸሚዝ ነው!»

«እኔ ጋ ይምጡና ላነጋግራቸው።»

«አምስት ወር ሙሉ አነጋገሯቸው እኮ! ለአንዳቸው እስከ እሑድ ይፈርሙልኝ፤ አለዚያ ባዶ ቦታ ነውና ኮሚቴው ዕጣ ያወጣበታል።»

እሑድ እስኪደርስ እማማ እንቅልፍ አጡ። ያገኘው አንድ ቀን አመስግኖ ይቀራል፤ ያጣው ጭራሹን አይመጣም። ቢሆንም ባለታክሲው መራመድ የተሳናቸውን እናቱን ከዋናው መንገድ ጀምሮ አዝሎ ሲያስገባ በመስኮት ብዙ ጊዜ አይተዋል። ስለዚህ ለእሱ ፈረሙ።

ባለታክሲው መጥቶ ጉልበታቸውን ስሞ፣ መርቀውት ሄደ። ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ሲመሽ ደክሞት ይገባል፤ ምን ጊዜ አለውና ይምጣ? ፋርማሲስቷ ደረጃ ላይ ስታገኛቸው በአንገቷ ብቻ ሰላም ብላ ታልፋለች።

በፈረሙ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እማማ ነጠላቸውን አጣፉ። ቅባቱ አልቋልና «ቅባት ፈልጌ ነው» ለማለት አሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ ምክንያት ይዞ መሄዱን ጠሉት። ሁለቱን ፎቅ እያረፉ ወጥተው አንኳኩ።

ፋርማሲስቷ በሩን ገርበብ አድርጋ እጅ እጃቸውን አየች።

«ሐሳብዎን ቀየሩ እንዴ?»

«የለም፤ ቦታው የእሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

«ውይ፣ አሁን ልወጣ ስል ነው» አለች። እማማ በነጠላ ጫማ መሆኗን አዩ፤ ምድጃ ላይ የጣደችው ድስት ሲንተከተክም ሰሙ።

«እንግዲያው ሌላ ቀን ይሁና» ብለው የደረጃውን ብረት ያዙ።

ሦስት ደረጃ ያህል ወርደውም በሩ ሲዘጋ አልሰሙም።

«የትኛው ቀን?» አለች ፋርማሲስቷ ከላይ፣ ድምፅዋ እፍረት እፍረት እያለው።

«ሐሙስ» አሉ እማማ ዞር ሳይሉ፣ ቶሎ ብለው።