ለብርዝ የተሸጠ ማር

ከኔ ቀድሞ ያረጀው ወገቤ ነው። ጋን ማጠብ እንዲህ ያደርጋል። አያቴ ውጫሌ ገበያ ላይ ጠጅ እየሸጠች እናቴን አሳደገች። እናቴ ደግሞ ወደ ሐይቅ ወርዳ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ተከራይታ፣ ጠጁ ላይ አረቄ ጨመረች። እኔ ከሷ የወረስኩት ጋኖቹን፣ የአረቄ ማውጫውን ቱቦና ይህን ወገብ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ላይ «የቤተሰብ ድርጅት» አቋቁሞ ጠጁንም አረቄውንም ወይኑንም በጠርሙስ ያሽጋል። ስለ አያቴ ለደንበኞቹ ሲያወራ ብትሰሙት፣ ሴትዮዋ አንድም ቀን ደክሟት የማያውቅ ይመስላችኋል።

ማራችን የሚመጣው ከአምባሰል፣ ሁልጊዜም ከአንድ ቤት ነው። የሚያመጡልን ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው፤ አባታቸውም ለአያቴ ያመጡላት ነበር። ጠጅ ለሳቸው ሐራም ነው፤ ማሩን ለጠማቂ መሸጥም እንደማይወደድ ያውቃሉ። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች አንድ ዘዴ ነበራቸው። ጌሾ ነክቶት የማያውቅ ጋን ተለይቶ ጓዳ ይቀመጣል። ኅዳር ላይ ማሩ ሲመጣ፣ ከሁሉ በፊት በዚያ ጋን ብርዝ ይበረዛል፤ ማርና ውሃ ብቻ። ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ይጠጡና፣ «እንግዲህ ለብርዝ ነው የሸጥኩልሽ» ይላሉ።

«ለብርዝ ነው፣ አባባ» እላለሁ፣ ከበስተጀርባዬ አንዱ ሰካራም እየዘፈነ።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ሁለታችንም ተኝተን ነበር፤ ደግሞም ጥሩ እንቅልፍ ነበር።

አምና ወንድሜ አዲሱን ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱ ላይ ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ቀፏቸው አጠገብ ቆመው ይስቃሉ። ከሥራቸው «ከአባቶቻችን ማር የተጠመቀ ጠጅ» ይላል። ያገኘሁት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክብር ነዋ፣ እታለም! ፎቶ ሳነሳቸው እንኳ ደስ ብሏቸው ነበር።»

«ለጠጅ መሆኑን ነገርካቸው?»

«ማሩ ለምን እንደሆነ አያውቁም እንዴ?»

ወንድሜ ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቶ መገላገል ይቻላል። ደሴ ብዙ ስለኖረ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ሳይነገር እንደሚኖር ረስቶታል። ያን ቀን ጮህኩበት። ጠርሙሶቹን ከየሱቁ ሰበሰበ፤ ግን ሽማግሌው የሚገበዩበት ውጫሌ ድረስ ደርሰው ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ዘንድሮ ኅዳር ማር አልመጣም። ከገበያ ገዝቼ ጠጁን ጣልኩ፤ ደንበኞቼ የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። እሱስ ግድ የለኝም፣ ደንበኛ ሁልጊዜ ያማርራል። እኔን ያስጨነቀኝ ሽማግሌው ዳግመኛ ደጄን እንዳይረግጡ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለ ጠጁ ሳይሆን ስለኔ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ናፈቁኝ። ወንድሜ በዚያው ሰሞን ደውሎ፣ የአያቴን ጋኖች ለድርጅቱ በር ማሳመሪያ እንድሰጠው ጠየቀኝ። «አስብበታለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ ማለቂያው ላይ አንድ ባጃጅ ደጄ ቆመ። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ ቅል ይዘው ወረዱ። ሮጬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

«ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጄ? ወገብሽስ?»

«ይቅር ይበሉን፣ አባባ።»

«አብሽሪ። ልጁ አከብራለሁ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን መስጊዱ ደጅ ላይ አንዱ ጠርሙሱን አውጥቶ ‹ይሄ እርስዎ አይደሉም ወይ?› ሲለኝ ምን ልበለው? ወላሂ፣ አይደለሁም ልበል?» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ልጆቼም አፍረዋል። ከእንግዲህ ለዚህ ቤት ማር አይጫንም።»

ቅሉን ዘረጉልኝ። በዚያች ቅል ያለው ማር ለጠጅ ቢሉት የትም አይደርስም።

«ይቺ ለብርዝ ናት» አሉ።

ድሮ ይህን ሲሉ ወደ መንገዱ ያዩ ነበር። አሁን ያዩ የነበሩት እኔን ነው።

«ለብርዝ ናት፣ አባባ» አልኩ፤ ቃሉ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ።

ጓዳ ገብቼ ያንን ጋን አጠብኩ። በረዝኩ። ቢስሚላህ ብለው ጠጡ፤ ለኔም ቅጂ አሉኝ፤ አብረን ጠጣን። ሲነሱ ጋኑን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉትና፣ «አደራ፣ ሌላ ነገር እንዳይነካብኝ» አሉ።

በሳምንቱ ወንድሜን ጠራሁት። ጠጁ በቃኝ አልኩት፤ እውነትም በቅቶኝ ነበር። ፒክአፕ ይዞ መጥቶ፣ ጋኖቹን አንድ በአንድ በጭድ እየደገፈ ጫነ። ጨርሶ እጁን ሲያራግፍ ዓይኑ ጓዳ ወደቀረችው ጋን ሄደ።

«ያቺስ፣ እታለም?»

«እሷ ሰው ትጠብቃለች» አልኩት።