የአዴ ዘይነባ ክርን

ባለፈው ሳምንት ለስኳር ክትትል ሄጄ፣ ወጣቷ ሐኪም ዓይኔን አስጨፍና ውስጥ እግሬን በቀጭን የናይለን ክር ትነካካኝ ጀመር። «ሲነካዎት ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት የሰው እግር ሳገላብጥ ኖሬ፣ ፈተናውን ከእሷ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «እዚህ፣ እዚህም» እያልኩ ቆየሁና ዝም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ክሩ አውራ ጣቴ ላይ ጎብጦ ቆሟል። አልተሰማኝም።

ጅማ አጠገብ ያለችው ትንሿ ከተማ ሰርቦ ትዝ አለችኝ። አባ ራያና ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ።

ከወላይታ መጥቼ ጅማ ነርስነት እማር ነበር። ለልምምድ ሰርቦ የተላክነው ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። በየደጁ የተሰጣው ቀይ ቡና መንገዱን ሁሉ ያውደዋል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ምሽቱ ግን አጥንት ሰብሮ ይገባል። አንድ ጠዋት አዴ ዘይነባ ባላቸውን በበቅሎ አድርገው ጤና ጣቢያ መጡ። የሽማግሌው ቀኝ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ቋጥሮ ተልጧል።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው» አሉ ሴትየዋ እያለቀሱ። «ማታ ከቡናው ሲመለሱ እግራቸውን በሳፋ ሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ትላንት ‹ይቀዘቅዛል፣ ጨምሪ› አሉኝ፣ ጨመርኩ። አሁንም ‹ጨምሪ› አሉ። ዋላሂ፣ የፈላውን ነው የጨመርኩት።»

እጃቸውን ከትተው አልሞከሩትም። ባል ቀዝቃዛ ነው ያለውን ውሃ መሞከር፣ ውሸትህን ነው እንደ ማለት ይቆጠር ነበርና።

«እሷን ተዉአት» አሉ አባ ራያ። «በሐሰት የመሰከረው የእኔ እግር ነው።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ መርምሮ ስኳር እንዳለባቸው፣ ቁስሉ ካልጠገገም ጅማ ተወስደው እግራቸው እንደሚቆረጥ ነገራቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው «መስጊዳችን ዳገት ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ።

የነርቭ ትምህርት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከቆዳችን ሥር ለንክኪ፣ ለሙቀት፣ ለሕመም እየተለዩ የተመደቡ ጠባቂዎች አሉ። ወሬያቸውን የሚያደርሱት ነርቮችም ይለያያሉ፤ ወፍራሞቹ ንክኪን ይዘው ይበርራሉ፣ ቀጫጭኖቹ ሙቀትንና ዘግይቶ የሚመጣውን ሕመም ይዘው ያዘግማሉ። ሳናዝዛቸው ላብ የሚያፈልቁ፣ የልብን ምት የሚያፈጥኑና የሚያረጋጉም አሉ። ስኳር ሲበረታ ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ናቸው፤ ከእግር የሚርቅ ደግሞ የለም። የአባ ራያ ተረከዝ እንደ በጋ ጭቃ የተሰነጣጠቀውም ላቡ ስለነጠፈ ነበር። አንድ ሰው ከእሳት እግሩን እንዲሰበስብ ስንት መልእክተኛ እንደሚሮጥለት ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

«እግራቸው አይነግራቸውም» አልኳቸው አዴ ዘይነባን። «በየቀኑ የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋል።»

እሳቸውም ጠየቁኝ፦ «በየቀኑ ብቻ? በየሶላቱ ውዱእ ያደርጉ የለም እንዴ?»

እኔ የወንጌል አማኞች ልጅ ነኝ፤ ከሶላት በፊት የሚታጠቡትን ውዱእ ከቅርብ ያየሁት ቁስሉን ላጥብ እቤታቸው ስመላለስ ነው። አባ ራያ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። አዴ ዘይነባ ውሃው ከመፍሰሱ በፊት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸውን ይነክራሉ። ለምን በእጃቸው እንደማይሞክሩት ጠየቅኋቸው።

«መዳፌ ትኩስ ድስት ለምዶ ደንዝዟል። ክርን ግን አይዋሽም።»

በፋሻ የታሰረውን እግር ሽማግሌው በእርጥብ እጃቸው በላዩ ዳበስ ያደርጉታል። ደህናው ሲታጠብ ሚስት ተንበርክከው ውስጥ እግሩን ወደ ብርሃን ያዞራሉ፤ በየጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያያሉ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ አስር ለሚባለው ሶላት ሲዘጋጁ፣ የሚስት እጅ ተረከዙ ላይ ቆመ። የቡና ጭራሮ ስባሪ ጠልቆ ገብቷል። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ውለዋል። እኔ በወረንጦ ስነቅለው የጎረቤት እግር ይመስል ቁጭ ብለው ያያሉ።

«አንዱን አቃጠልኩ ብለሽ ስታለቅሺ ሰነበትሽ» አሉ ለሚስታቸው። «ይኸው፣ ይኼኛውን አተረፍሽው። አልሀምዱሊላህ።»

የተቃጠለውም ቀስ በቀስ ጠገገ። ልምምዳችን ሲያልቅ አባ ራያ ምርኩዛቸውን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ፣ በሁለት እግራቸው ሲወጡ፣ አይቼ ተመለስኩ።

ከሐኪሟ ዘንድ እቤቴ፣ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ስደርስ የጣቴን ነገር ለባለቤቴ ለታደሰ ነገርኩት። ታደሰ ወሬ አያበዛም። ማታ እግሬን የምታጠብበትን ውሃ ሳፋው ውስጥ ገልብጬ ልነክር ስል «ቆይ እስቲ» አለ። የሰርቦን ታሪክ የነገርኩት ገና ስንጋባ ነው፤ ያዳመጠኝም አይመስለኝም ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለና ጎንበስ ብሎ ክርኑን ውሃው ውስጥ ከተተ።

«ትንሽ ይብረድ» አለ።

እግሬን ሰብስቤ ጠበቅሁ።