ምርኩዙን ያስጣልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም ለመጋቢዬም ተናግሬው አላውቅም። አሶሳ ከመጣሁ ወዲህ ስለ ሶዶ ሲጠይቁኝ ስለ ዳሞታ ተራራ ብርድ አወራለሁ፤ ስለ አንጁሎ ግን ትንፍሽ አልልም።

አንጁሎ ግንበኛ ነበር። የሶዶ መንገዶች ኮብልስቶን በሚለብሱበት ዘመን ከሻንቶ ገበያ ሲመለስ አይሱዙ ገጭቶት ዳሌው ተሰበረ። የሐኪሞች ቦርድ መርምሮ ከባድ ቋሚ ጉዳት እንዳለበት ጻፈለት፤ እሱም የመኪናውን ባለቤት ከሰሰ። መወጣጫ ላይ ከእንግዲህ ለማይወጣ ግንበኛ የልጆቹ ጉርሻ ያ ካሳ ብቻ ነበር።

እኔ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ነበርኩ። ዳሌው ላይ እጄን ጭኜ ጸለይኩ። እኛ ዘንድ ፈውስ ገና ሳይታይ በእምነት ይመሰከራል፤ እሱም ሁለት ወንድሞች ደግፈውት መድረክ ላይ ወጣና «ተፈውሻለሁ» አለ። ጉባኤው እልል አለ። እልልታው ለጌታ ነበር፤ እኔ ግን ለእጄ አድርጌ ሰማሁት።

ወሬው የተከሳሹ ጠበቃ ጆሮ ገባ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እግዚአብሔር ላዳነው እግር ደንበኛዬ ካሳ ይክፈል?» ሲል ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ እንደገና ይመርመር ብለው አዘዙ።

በምርመራው ዕለት ጠዋት አንጁሎ ቤቴ መጣ።

«እህት አስቴር፣ ያመኛል እኮ። ያምሃል ወይ ሲሉኝ ምን ልበል?»

እኔስ ምን አልኩት? «በጉባኤ የመሰከርከውን ሐኪም ፊት ልትክድ ነው? ምርኩዝህን እዚህ ተወው።»

የቤቴ በር ጥግ አቁሞት ሄደ። ለሐኪሞቹ ጥርሱን ነክሶ ተራመደላቸው፤ አያመኝም አላቸው። ጉዳቱ ቀላል ነው ተብሎ ተጻፈ።

ዳኛው፣ አንጁሎ ወደ ችሎት ሲገባ አረማመዱን አይተው ኖሯል። ፍርድ ቤቱ የሐኪም ወረቀት እስረኛ እንዳልሆነ፣ ተቃውሞ ካለው ውጤቱን ጥለው ሌላ ቦርድ ሊያዙለት እንደሚችሉ ቀስ ብለው አስረዱት። ከዚያም «አቶ አንጁሎ፣ ያምዎታል ወይስ አያምዎትም?» አሉት።

ዞሮ አየኝ። እኔ፣ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ፣ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩለት።

«አያመኝም» አለ።

የተፈረደለት ካሳ ለመድኃኒት እንኳ አልበቃም። ሲያነክስ ያዩት ምእመናን ደግሞ እምነቱ ጎደለ አሉት። እኔስ ያኔ ተናገርኩ? ጭራሽ በጉባኤ መካከል ተነሥቼ «ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን ጥርጣሬ ይቅር በል» ብዬ ጸለይኩበት። የግንበኛን አጥንት ድንጋይ አድርጌ ስሜን ገነባሁ። እሱ ከኋላ ሆኖ አሜን አለ።

ምርኩዙን ሊወስድ አልመጣም። ሶዶን ስለቅም እዚያው በር ጥግ ነበር።

አላወቅሁም አልልም፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ላቡን አይቻለሁ። ጌታ ይቅር ብሎሻል አትበሉኝ፤ መጀመሪያ አንጁሎ አለ፣ እሱን ደግሞ ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ያመው ነበር። ዳኛው የጠበቁት «ያመኛል» የምትለውን ይህችን ቃል ብቻ ነበር። ያስዋጥኩት እኔ ነኝ።