አርባ ሦስት ሰው፣ አሥራ አንድ ብርጭቆ

እስቲ ያንን አግዳሚ ተመልከቱ። መተማ ዮሐንስ፣ የጭነት መኪኖች ከሚሰለፉበት መንገድ ዳር፣ ከተሰበረ የተሳቢ ጣውላ የተመታውን። መቀመጫ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ አምና ክርክር ተነሥቶበታል።

ባለቤቱ መስቱራ ሻይ ትሸጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው የሣር ዳስ ሥር፣ ራኩባ በሚሉት፣ በአንድ ማንቆርቆሪያና በአሥራ አንድ ብርጭቆ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከጎጃምም ከወሎም የወረደ የቀን ሠራተኛ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ እዚያ ይቀመጣል፤ ባለ እርሻዎቹም ሰው የሚመርጡት ከዚያ ነው። እስኪቀጠር ኪሱ ባዶ ነውና ሻይ አያዝም። መስቱራም "ምን ልስጥህ?" ብላ አታሳቅቀውም። ከጋኑ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ታቀብለዋለች፣ አለቀ።

አምና በመስከረም መጨረሻ ከግብር ቢሮ የቀን ገቢ ገማቾች መጡ። ወረቀት የያዘው፣ ምናለ የሚባለው ወጣት፣ ራስ መቁጠር ጀመረ። አርባ ሦስት።

"እትዬ መስቱራ፣ እነዚህ ሁሉ ደንበኞችዎ ናቸው?"

አርባ ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። መስቱራ አየቻቸው። "በነፃ ነው የተቀመጡት" ማለት በአደባባይ ደሃ ብሎ መሳደብ መሰላት።

"አዎና! ሻዬን የሚጠጡ፣ የኔ ናቸው!" አለች ደረቷን ነፍታ።

ምናለ ጻፈ። የመጣባትን ግብር ራኩባዋን ብትሸጥ እንኳ አትወጣውም።

ያናድዳል እኮ! ከዚያው አግዳሚ ሠራተኛ የሚመርጥ አንድ ባለ እርሻ፣ "ለእርሻዬ" ብሎ ከቀረጥ ነፃ ያስገባውን ትራክተር ለጎረቤት ያከራያል። ሲጠየቅ "ሕጉ ክፍተት አለው" ብሎ ይስቃል። ትራክተር የሚያሳልፍ ክፍተት! መስቱራን ግን ማንም ያልጠጣው ሻይ አንቆ ያዛት።

ለግብር ቅሬታ ሰሚው ጉባኤ አቤት አለች፤ ቅሬታዋ የተሰማው ግን አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ነው። እነዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ወሬውን ሰምተው ከሽንፋ እርሻዎች ድረስ በአቧራቸው መጡና የጉባኤውን በር ሞሉት።

"'ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው' የሚለውን ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት?" አሉ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሰርካለም።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ቅሬታዎ ምንድን ነው?"

መስቱራ ወደ በሩ ዞራ አየች። ብትናገር በር ላይ የቆሙትን ታዋርዳለች፤ ባትናገር ራኩባዋ ይዘጋል።

የሺዋስ የሚባል ጎጃሜ ከበሩ ጮኸ። "እታለም፣ ምነው ዝም አልሽ? ክብርት ሰብሳቢ፣ ዋሽታለች! አራት ቀን ተቀምጬ አንዲት ሻይ አልቀመስኩም። ሰባራ ሳንቲም አልነበረኝም!"

"በአራት ቀን ይኩራራል እንዴ!" አለ ከኋላው አንድ ወሎዬ። "እኔ ዘጠኝ ቀን፣ ያውም ተኝቼበት!"

"እኔ ጋኗን አስጨርሼ ሌላ ውሃ አስቀድቻታለሁ!"

ክርክሩ ማን ይበልጥ ባዶ ኪስ ነበር ወደሚለው ዞሮ አረፈው። መስቱራ ሻሿን ወደ አፏ ስባ በሳቅ ተንፈቀፈቀች። ወይዘሮ ሰርካለምም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፦

"ስንት ብርጭቆ አለዎት?"

"አሥራ አንድ፤ አንዱ አፉ ተሸርፏል።"

"ግብር የሚጣለው በተሸጠው ነው እንጂ በተቀመጠው አይደለም" አሉ። ግምቱ ተሰርዞ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ።

በማግስቱ ምናለ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በተሸጠ ብርጭቆ ልክ ጭረት ይጭራል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር መስቱራ ከጋኑ ውሃ ቀድታ አቀበለችው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሻይ አላዘዝኩም።"

"ማን ጠየቀህ?"

"ጻፈው!" አለ መኪና የሚጠብቀው የሺዋስ። "አርባ አራተኛው ደንበኛ!"

ራኩባው በሳቅ ተናጋ። ምናለም እየሳቀ ሻይ አዘዘ፤ ለራሱም አንድ ጭረት ጫረ። መስቱራ ዛሬ በእነዚያ ጭረቶች ልክ ትከፍላለች፤ ደረሰኙን ምሰሶው ላይ ሰክታዋለች።

እስክሪብቶ የያዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ራስ ከመቁጠራችሁ በፊት አግዳሚው ላይ አንድ ቀን ተቀመጡ።